የመቺዎች ቅደም ተከተልና የራን ፍጥነት በአጭር ክሪኬት

የመቺዎች ቅደም ተከተል በክሪኬት ጨዋታ የአንድ ቡድን ተጫዋቾች ኳስ ለመምታት ወደ ሜዳ የሚገቡበት ተራ ነው። የራን ፍጥነት ደግሞ አንድ ቡድን ወይም አንድ መቺ በገጠመው የኳስ ብዛት ልክ ስንት ራን እንዳስቆጠረ የሚያሳይ መለኪያ ነው። እስከ አምስት ቀን በሚዘልቀው የቴስት ክሪኬት ሁለቱ ጉዳዮች ያን ያህል የተሳሰሩ አይደሉም፤ ጊዜ ስላለ የመቺው ዋና ሥራ አለመውጣት ነው። የኳሱ ብዛት አስቀድሞ በተወሰነባቸው አጫጭር ግጥሚያዎች ግን፣ ማለትም በ50 ኦቨሩ የአንድ ቀን ግጥሚያና በ20 ኦቨሩ ቲ20፣ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ «ቀጥሎ ማን ይግባ?» ብሎ መጠየቅ «የቀሩትን ኳሶች ማን ይምታቸው?» ብሎ ከመጠየቅ አይለይም። የክሪኬት ቡድኖች ይህን ለመረዳት ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል።

በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ባጭሩ

ክሪኬት ሁለት ባለ 11 ተጫዋች ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ጨዋታ ነው። በሚመታው ቡድን ተራ ሁለት መቺዎች በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ይቆማሉ። አንዱ የሚወረወርለትን ኳስ ይመታል፣ ሌላው በወርዋሪው በኩል ባለው ጫፍ ይጠብቃል። ኳሱ ከተመታ በኋላ ሁለቱ ሮጠው ቦታ ከተለዋወጡ አንድ ራን ይቆጠራል። ኳሱ መሬት ነክቶ የሜዳውን ወሰን ካለፈ 4 ራን፣ መሬት ሳይነካ ካለፈ 6 ራን ያስገኛል። ከመቺው ኋላ የቆሙት ሦስት እንጨቶች በተወረወረው ኳስ ከተመቱ፣ ወይም እሱ የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ በተቃራኒ ተጫዋች ከተያዘ መቺው ይወጣል። ሌሎች የመውጫ መንገዶችም አሉ። በየትኛውም መንገድ መቺ ሲወጣ «ዊኬት ወደቀ» ይባላል። የወጣው በዚያ ተራ አይመለስም፤ በምትኩ ቀጣዩ ይገባል። አንድ ሰው ብቻውን መምታት ስለማይችል 10 ዊኬት ሲወድቅ የቡድኑ ተራ ያበቃል።

ስድስት ኳስ አንድ ኦቨር ነው። ስለዚህ በ50 ኦቨር 300፣ በ20 ኦቨር ደግሞ 120 ኳስ አለ። ኦቨሩ ባለቀ ቁጥር ኳስ የሚወረወርበት ጫፍ ይቀየራል። ለዚህም ነው በኦቨሩ የመጨረሻ ኳስ ላይ አንድ ራን የሮጠ መቺ ቀጣዩን ኦቨር ራሱ የሚጀምረው። በ50 ኦቨር ግጥሚያ አንድ ወርዋሪ ከ10 ኦቨር፣ በቲ20 ከ4 ኦቨር በላይ መወርወር አይፈቀድለትም።

ለዚህ ርዕስ ዋና የሆነው ሕግ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። በቤዝቦል የመቺዎቹ ተራ ከጨዋታው በፊት ተጽፎ ይሰጣል፣ ቡድኑም ከዚያ አይወጣም። በክሪኬት አምበሉ የ11ዱን ስም ይሰጣል እንጂ በምን ቅደም ተከተል እንደሚገቡ የሚያስገድደው ነገር የለም። ዊኬት በወደቀ ቁጥር ቀጥሎ የሚገባውን ሰው እንደ ሁኔታው መምረጥ ይችላል። ቅደም ተከተሉ ለረጅም ዘመን ቋሚ መስሎ የቆየው በልማድ ብቻ ነው።

ኳስና ዊኬት

የሚመታ ቡድን ሁለት የሚያልቁ ነገሮች አሉት፤ አንዱ ኳስ፣ ሌላው ዊኬት። በቲ20 120 ኳስ ለ10 ዊኬት ሲካፈል በአማካይ ለአንድ ዊኬት 12 ኳስ ይደርሳል። በ50 ኦቨር ለአንድ ዊኬት 30 ኳስ ይደርሳል። በቴስት ይህን ስሌት መሥራት አያስፈልግም፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያልቀው ዊኬቱ ነው። ግጥሚያው ባጠረ መጠን የአንድ ኳስ ዋጋ እየናረ፣ የአንድ ዊኬት ዋጋ እየረከሰ ይሄዳል።

ሁለት ምናባዊ የቲ20 ቡድኖችን ማነጻጸር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ቡድን በእያንዳንዱ ኳስ አንድ ራን እያገኘ ምንም ዊኬት ሳይጥል ይጨርሳል፤ ውጤቱ 120 ነው። ሁለተኛው በአማካይ በየ15 ኳሱ አንድ ዊኬት እየጣለ በ100 ኳስ 150 ራን በሚያስገኝ ፍጥነት ይመታል፤ ስምንት ዊኬት ጥሎ 180 ራን ያገኛል። የመጀመሪያው ቡድን አስሩም ዊኬት በእጁ እያለ ይሸነፋል። ተራው ሲያበቃ ያልወደቀ ዊኬት ለሌላ ቀን አይቀመጥም።

የአንድ መቺ ፍጥነት የሚለካው ስትራይክ ሬት በሚባለው ቁጥር ነው፤ ይኸውም ያስቆጠረው ራን ለገጠመው ኳስ ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ነው። የቆየው መለኪያ አማካይ ነው፤ ጠቅላላ ራን ለወጣበት ጊዜ ብዛት ይካፈላል። አማካይ በአጭር ክሪኬት አሳሳች የሚሆንበት ጊዜ አለ። አውስትራሊያዊው ማይክል ቤቫን በ50 ኦቨር ግጥሚያዎች 196 ጊዜ ገብቶ 67 ጊዜ ሳይወጣ ተራው ስላለቀ አማካዩ 53.58 ነው። ስትራይክ ሬቱ ግን 74 ገደማ ነው። በዘመኑ ይህ ከበቂ በላይ ነበር፤ ቤቫን ጨዋታ በመጨረስ ከሁሉም የታወቀ ነበር። ዛሬ ግን በዚያ ፍጥነት የሚመታ መቺ በአማካዩ ብቻ ቡድን ውስጥ ይገባል ብሎ መናገር ይከብዳል።

ከ1 እስከ 11

መጀመሪያ የሚገቡት ሁለቱ መቺዎች ከፋቾች ይባላሉ። ኳሱ አዲስና ጠንካራ በመሆኑ በአየር ላይ ይታጠፋል፣ ከመሬትም ይነጥራል፤ ስለዚህ በቴስት ክሪኬት ከፋችነት የትዕግሥተኞች ቦታ ነው። በአጭር ክሪኬት ግን ይኸው አዲስ ኳስ ሌላ መልክ አለው። ጠንካራ ስለሆነ ሲመታ ሩቅ ይሄዳል። ከዚህም በላይ ፓወርፕሌይ የሚባል ሕግ አለ። በቲ20 የመጀመሪያዎቹ 6 ኦቨሮች፣ በ50 ኦቨር የመጀመሪያዎቹ 10 ኦቨሮች ከመሐል ሜዳ 27 ሜትር ገደማ ርቆ ከተሰመረው ክብ ውጭ መቆም የሚችሉት ሁለት ተጫዋቾች ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ በቲ20 እስከ አምስት ድረስ ይፈቀዳል። በ50 ኦቨር ከ11ኛው እስከ 40ኛው አራት፣ በመጨረሻዎቹ 10 ኦቨሮች አምስት ይሆናሉ። በመጀመሪያዎቹ ኦቨሮች ከክቡ በላይ ከፍ ተደርጎ የተመታ ኳስ ብዙ ጊዜ ማንም ወደሌለበት ሜዳ ይወድቃል።

ከፋቾቹ ሌላም ጥቅም አላቸው። ከማንም በላይ ብዙ ኳስ የመግጠም ዕድል ያለው ቀድሞ የገባ ሰው ነው። በቲ20 ስድስተኛ የሚገባ መቺ አንዳንድ ቀን ከአሥር ኳስ በታች አግኝቶ ይወጣል። ምርጡን መቺ ወደ ታች አስቀምጦ «ለመጨረሻ እናቆየው» ማለት ሌሎች የሚመቱለትን ኳስ እንዲያባክኑበት መተው ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው መቺ በሁለተኛው ኳስ ሊገባ ይችላል፣ በ15ኛው ኦቨርም ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱንም አመታት ማወቅ አለበት። አራተኛውና አምስተኛው አብዛኛውን ጊዜ ሜዳው ከተዘረጋና ኳስ የሚያሾሩ ወርዋሪዎች ከገቡ በኋላ ይመታሉ። ወሰን ማሳለፍ ስለሚከብድ በክፍተቶች መሐል እየመቱ አንድና ሁለት መሮጥ የግድ ነው። ስድስተኛና ሰባተኛ የሚገቡት ጨራሾች ናቸው። አይናቸው ኳሱን እስኪለምድ መጠበቅ አይችሉም፤ ከገቡበት ቅጽበት ጀምሮ ስድስት መፈለግ አለባቸው። ከስምንተኛ እስከ አስራ አንደኛ ያሉት በዋናነት ወርዋሪዎች ሲሆኑ በተለምዶ ጭራ ይባላሉ።

ጭራው የማይመታ ከሆነ ላይኞቹ ይፈራሉ። ይህ ከቁጥር ይልቅ በባሕርይ የሚታይ ነገር ነው፤ ስምንተኛው ሰው መምታት እንደሚችል የሚያውቅ ከፋች በመጀመሪያው ኦቨር ለመድፈር አያመነታም። በ2016 የቲ20 ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ዌስት ኢንዲስ 156 ራን ስታሳድድ በ11 ራን ሦስት ዊኬት ወድቆባት ነበር። ማርሎን ሳሙኤልስ በአንድ ጫፍ 85 ራን ይዞ ቆየ። የመጨረሻው ኦቨር ሲጀመር 19 ራን ቀርቶ ነበር፤ ኳሱን የገጠመው ስምንተኛ የገባው ካርሎስ ብራትዌይት ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ኳሶች አራቱንም ለስድስት መታቸውና ግጥሚያው ሁለት ኳስ እየቀረው አለቀ።

ቀስ ብሎ የመጀመር ዘመን

የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ በ1975 በእንግሊዝ ሲካሄድ ግጥሚያው 60 ኦቨር ነበር፣ የመቺዎቹ አስተሳሰብ ግን ከቴስት የመጣ ነበር። በሎርድስ በተደረገው የመክፈቻ ቀን ግጥሚያ እንግሊዝ በ4 ዊኬት 334 ራን አስቆጠረች። የህንዱ ከፋች ሱኒል ጋቫስካር 174 ኳስ ገጥሞ 36 ራን ይዞ ሳይወጣ ጨረሰ። ቡድኑ ካለው 360 ኳስ ግማሽ ያህሉን ወስዶ ነው። ህንድ ሦስት ዊኬት ብቻ ጥላ 132 ላይ ቆመች። በቴስት መለኪያ ጋቫስካር አልተሸነፈም፤ በቡድኑ መለኪያ ግን ሰባት ዊኬት ሳይነካ ግጥሚያው ጠፋ።

ይህ የአንድ ቀን እንግዳ ነገር ነው ቢባል እንኳ የ1979ኙ ፍጻሜ እንዲያ አይባልም። ዌስት ኢንዲስ በ60 ኦቨር 286 አስቆጠረች። የእንግሊዝ ከፋቾች ማይክ ብሪርሊና ጄፍ ቦይኮት አንድም ዊኬት ሳይጥሉ 129 ራን አብረው ሠሩ፤ ላይ ላዩን ሲታይ ድንቅ መክፈቻ ነው። ነገር ግን 38 ኦቨር ወስዶባቸዋል። ሲለያዩ በቀሩት 22 ኦቨሮች 158 ራን ያስፈልግ ነበር፤ በኦቨር ከሰባት በላይ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ይህ የማይታሰብ ፍጥነት ነበር። ተከትለው የገቡት ከመጀመሪያው ኳስ ጀምሮ ለመምታት ተገደዱ፣ ከ183 ለ2 ተነስተው በ194 ሁሉም ወጡ። ስምንት ዊኬት በ11 ራን መውደቁ የታችኞቹ ጥፋት ይመስላል። ሒሳቡ ግን ግጥሚያው የተበላሸው ማንም ሳይወጣ በቆየባቸው ኦቨሮች እንደሆነ ያሳያል።

የሜዳ ገደቡ ለመቺዎች በር ከከፈተ በኋላም መጀመሪያ ላይ የተጠቀሙበት ጥቂቶች ናቸው። በ1992 የዓለም ዋንጫ በመጀመሪያዎቹ 15 ኦቨሮች ከክቡ ውጭ ሁለት ሰው ብቻ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። ኒውዚላንድ ከፋቿ ጆን ራይት ሲጎዳ ማርክ ግሬትባችን አስገባች፤ እሱም ከክቡ በላይ እያሻገረ መምታት ጀመረ። ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን ሰባት ግጥሚያዎች አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ።

ስሪላንካ 1996

በስሪላንካ እጅ ይህ አመታት ከአጋጣሚ ወደ ዕቅድ ተለወጠ። በ1996 የዓለም ዋንጫ ሳናት ጃያሱሪያና ሮሜሽ ካሉዊታራና በከፋችነት ተመደቡ። ጃያሱሪያ ቀደም ሲል ወደ ታች እየገባ የሚመታና ኳስ የሚያሾር ተጫዋች ነበር፤ ካሉዊታራና ደግሞ ዊኬት ጠባቂ ነበር። ዴልሂ ላይ ከህንድ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ስሪላንካ 272 ራን ስታሳድድ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ኦቨሮች 42 ራን አገኘች። በሩብ ፍጻሜው ጃያሱሪያ በእንግሊዝ ላይ በ44 ኳስ 82 ራን መታ። ጎረቤታችን ኬንያም ዱላውን ቀምሳለች፤ ካንዲ ላይ ስሪላንካ 398 ራን አስቆጥራባታለች፣ ይህም በወቅቱ የ50 ኦቨር ክብረ ወሰን ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታሪክ እዚህ ላይ ያቆማል። የዕቅዱ ብልሃት ግን ከከፋቾቹ ኋላ በተቀመጡት ሰዎች ላይ ነው። ካሉዊታራና በውድድሩ በሙሉ ያስቆጠረው ከመቶ ራን በታች ነው፤ ማንም ግን አላወረደውም፣ ምክንያቱም ውድቀቱ በዕቅዱ ውስጥ የታሰበ ወጪ ነበር። ከፋቾቹ ዊኬታቸውን አስይዘው የሚጫወቱት አሳንካ ጉሩሲንሃ፣ አራቪንዳ ደ ሲልቫ፣ አርጁና ራናቱንጋና ሌሎች ልምድ ያላቸው መቺዎች ከኋላ ስላሉ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ሁለቱም ከፋቾች በመጀመሪያው ኦቨር ወጡ፣ በመካከላቸው ያገኙት አንድ ራን ብቻ ነው። ደ ሲልቫ ገብቶ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በ47 ኳስ 66 መታ። በላሆር በተደረገው ፍጻሜም ከፋቾቹ በ23 ራን ወጥተው ደ ሲልቫ 107 ይዞ ሳይወጣ ስሪላንካ አውስትራሊያን አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች።

ቲ20 ከመጣ በኋላ

ቲ20 በእንግሊዝ ካውንቲዎች መካከል በጁን 2003 ተጀመረ። የመጀመሪያው የቲ20 ዓለም ዋንጫ በ2007 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተካሄደ። በ2008 የህንድ ፕሪሚየር ሊግ የመክፈቻ ግጥሚያ ላይ ኒውዚላንዳዊው ብሬንደን ማከለም ለኮልካታ ናይት ራይደርስ ከፍቶ 73 ኳስ ገጥሞ 158 ራን ይዞ ሳይወጣ ጨረሰ። ቡድኑ 222 አስቆጥሯል። በ2013 ክሪስ ጌይል በ66 ኳስ 175 ራን አስቆጥሮ ሳይወጣ ቀረ። በሁለቱም ቀን ከ120ው ኳስ ከግማሽ በላዩን የወሰደው በፍጥነት የሚመታው ሰው ነው። የጋቫስካር የ1975 ተራም ከኳሱ ግማሽ ያህሉን የወሰደ ነበርና ልዩነቱ ከፋቹ ብዙ ኳስ መግጠሙ ሳይሆን በኳሱ የሠራው ነገር ነው።

ከፋች የግድ ዋና መቺ መሆን እንደሌለበትም ታይቷል። ከትሪኒዳድ የመጣው ሱኒል ናራይን ኳስ በማሾር የታወቀ ወርዋሪ ነው። ኮልካታ ከ2017 ጀምሮ ከፋች ሲያደርገው ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ዘጠነኛ ቢገባ ኖሮ ብዙ ጊዜ ኳስ አይደርሰውም፣ ዊኬቱም ምንም አያደርግም። ያንኑ ዊኬት ሁለት ተጫዋች ብቻ ከክቡ ውጭ በቆመበት ሰዓት ማውጣት ግን 15 ኳስ ቢቆይ እንኳ ትርፍ ያመጣል። ቶሎ ቢወጣ የጠፋው የጭራ ዊኬት ነው። በ2024 ናራይን በዚያው ሊግ 488 ራን አስቆጥሮ ቡድኑ ዋንጫ ወሰደ።

በዚያው ዓመት የሳንራይዘርስ ሃይደራባድ ከፋቾች ትራቪስ ሄድና አቢሼክ ሻርማ ዴልሂ ላይ በስድስት የፓወርፕሌይ ኦቨሮች ምንም ዊኬት ሳይጥሉ 125 ራን አስቆጠሩ። ቡድኑ በሌላ ቀን 287 ደርሷል። በፍጻሜው ግን በ113 ሁሉም ወጥተው ተሸነፉ። ይህ አመታት በብዙ ግጥሚያ ሲደመር ያተርፋል፤ በአንድ ቀን ፍጻሜ ግን ዋስትና የለውም።

የመልህቁ ክርክር

ሌሎቹ በዙሪያው ሲመቱ በአንድ ጫፍ ሳይወጣ የሚቆይ መቺ መልህቅ ይባላል። ደጋፊዎቹ ቡድን እንዳይፈርስ ይጠብቃል ይላሉ። ተቺዎቹ ደግሞ ሒሳብ ያቀርባሉ። አንድ መቺ 60 ኳስ ገጥሞ 70 ራን ካገኘና ቡድኑ 180 የሚፈልግ ከሆነ፣ ሌሎቹ በቀሩት 60 ኳሶች 110 ማምጣት አለባቸው፤ በ100 ኳስ 183 ማለት ነው። መልህቁ የቀነሰውን ፍጥነት ሌላ ሰው በበለጠ አደጋ ይከፍለዋል።

በጁን 2024 ብሪጅታውን ላይ የተደረገው የቲ20 ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ህንድ በአምስተኛው ኦቨር በ34 ራን ሦስት ዊኬት ወድቆባት ነበር። ቪራት ኮህሊ እየተጠነቀቀ ቆየ፣ 50 ለመድረስ 48 ኳስ ወሰደበት፣ በመጨረሻ በ59 ኳስ 76 ራን ይዞ ወጣ። በሌላው ጫፍ አክሳር ፓቴል በ31 ኳስ 47፣ ሺቫም ዱቤ በ16 ኳስ 27 መቱ። ህንድ 176 ደረሰች። ደቡብ አፍሪካ ስታሳድድ ሃይንሪክ ክላሰን በ27 ኳስ 52 መትቶ በመጨረሻዎቹ 30 ኳሶች 30 ራን ብቻ እንዲቀር አደረገ። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ቡድኑ ተንቀረፈፈና በ7 ራን ተሸነፈ። ኮህሊ የግጥሚያው ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ደቡብ አፍሪካ አሸንፋ ቢሆን ኖሮ ያው 76 ራን የሽንፈቱ ምክንያት ተብሎ በተጠቀሰ ነበር። በሦስት ዊኬት ውድቀት መሐል የገባ መልህቅና ምንም ዊኬት ሳይወድቅ ቀስ የሚል መልህቅ አንድ አለመሆናቸው ግን መለየት አለበት፤ ክርክሩ የሚደበላለቀው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ተራን መለወጥ

ከላይ የተጠቀሰው አክሳር ፓቴል በተለምዶ ወደ ታች የሚገባ ሁለገብ ተጫዋች ነው፤ በዚያ ፍጻሜ አምስተኛ ሆኖ የገባው በዕቅድ ነበር። ፓቴል በግራ እጅ፣ ኮህሊ በቀኝ ይመታሉ። ግራና ቀኝ መቺ አንድ ላይ ሲሆኑ በየአንዱ ራን ወርዋሪው አቅጣጫውን፣ ተጫዋቾቹም አቋማቸውን መለወጥ አለባቸው። ከዚህም ሌላ ኳስ የሚያሾር ወርዋሪ ኳሱ ወደ መቺው አካል ሲታጠፍ ለመምታት ይቀላል፣ ርቆ ሲታጠፍ ይከብዳል። ስለዚህ የተቃራኒው ቡድን ወርዋሪ ማን ነው የሚለው ቀጥሎ የሚገባውን መቺ ይወስናል።

ከዚህ ዓይነቱ ውሳኔ ሁሉ የታወቀው በ2011 የ50 ኦቨር ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሙምባይ ላይ የተወሰደው ነው። ህንድ 275 ራን ስታሳድድ በ114 ሦስተኛ ዊኬቷ ወደቀ። ቀጥሎ ይገባል ተብሎ የተጠበቀው ዩቭራጅ ሲንግ ነበር፤ በውድድሩ ድንቅ ጨዋታ ያሳየና በኋላም የውድድሩ ምርጥ የተባለ ተጫዋች ነው። አምበሉ ማሄንድራ ሲንግ ዶኒ ግን ራሱ ገባ። ሜዳ ላይ የነበረው ጋውታም ጋምቢር የግራ መቺ ነው፣ ዩቭራጅም እንዲሁ፤ ስሪላንካም ሙቲያ ሙራሊታራንን የመሰለ ኳስ አሿሪ ነበራት። ሁለቱ አብረው 109 ራን ሠሩ፣ ጋምቢር በ97 ወጣ፣ ዶኒ በ79 ኳስ 91 ይዞ በስድስት ጨረሰው።

በመጀመሪያ ተራ መምታት ላይም ተመሳሳይ ውሳኔ አለ። በጃንዋሪ 2015 ጆሃንስበርግ ላይ የደቡብ አፍሪካ ከፋቾች በዌስት ኢንዲስ ላይ 247 ራን አብረው ሠርተው የመጀመሪያው ዊኬት በ39ኛው ኦቨር ወደቀ። በተለምዶ ከሦስተኛ በታች የሚገባው ኤቢ ደ ቪሊየርስ ወዲያውኑ ገባ። በ31 ኳስ መቶ ደረሰ፣ በጠቅላላው በ44 ኳስ 149 መታ። ተራው እስኪደርሰው ቢጠብቅ ኖሮ ከቀሩት 70 ያህል ኳሶች ምን ያህሉ እንደሚደርሰው መገመት አይከብድም፤ በዚያ ቀን ከእሱ በፊት የወደቀው አንድ ዊኬት ብቻ ነው።

ስሌቱ

ይህ ጉዳይ ለሒሳብና ለኮምፒውተር ሳይንስ ሰዎች የተመቸ ነው። እያንዳንዱ የግጥሚያ ሁኔታ በሁለት ቁጥሮች ሊገለጽ ይችላል፤ በቀረው ኳስና በቀረው ዊኬት። ለ50 ኦቨር 300 በ10 ሲባዛ 3,000 ሁኔታ ብቻ ይሆናል። ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ በሚባለው ዘዴ ከመጨረሻው ኳስ ተነስቶ ወደ ኋላ በማስላት በእያንዳንዱ ሁኔታ ምን ያህል መድፈር እንደሚያዋጣ ማግኘት ይቻላል። አውስትራሊያዊው ስቲቨን ክላርክ በ1988 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ አደረገ። ውጤቱም ቡድኖች በዚያን ጊዜ ከለመዱት ይልቅ መጀመሪያ ላይ ፈጠን ማለት እንዳለባቸው የሚያመለክት ነበር። ጃያሱሪያ ሜዳ ላይ ከማሳየቱ ስምንት ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

ሌላው የታወቀ ስሌት ከዝናብ ጋር የመጣ ነው። በ1992 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደቡብ አፍሪካ በ13 ኳስ 22 ራን ሲቀራት ዘነበ፤ ጨዋታው ሲቀጥል በ1 ኳስ 21 ራን አምጪ ተባለች። የእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ፍራንክ ዳክወርዝና ቶኒ ሉዊስ ይህን የሚተካ ዘዴ ሠሩ፣ በጃንዋሪ 1997 ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ ዋለ። ስቲቨን ስተርን ካሻሻለው በኋላ የሦስቱን ስም ይዟል። ዘዴው የቀረ ኦቨርንና የቀረ ዊኬትን አንድ ላይ «ሀብት» ብሎ ይቆጥራል። 50 ኦቨርና 10 ዊኬት 100 በመቶ ነው። 20 ኦቨር ሲቀር ኦቨሩ 40 በመቶ ብቻ ቢሆንም አሥሩም ዊኬት ካለ በመጀመሪያው ሠንጠረዥ መሠረት የቀረው ሀብት ከ56 በመቶ በላይ ነው። ቲ20 በኦቨር ከ50 ኦቨሩ ግጥሚያ የበለጠ ራን የሚታይበት ምክንያት በዚህ አንድ ቁጥር ውስጥ አለ፤ ያው አሥር ዊኬት በአነስተኛ ኳስ ላይ ይወጣል።

ለሚያሳድድ ቡድን ስሌቱ ቀለል ይላል፣ ጭንቀቱ ግን ይብሳል። 160 ለማምጣት በኦቨር 8 ራን ያስፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ 10 ኳሶች ያለ ራን ካለፉ በኦቨር 8.7 ይሆናል።

አዳዲስ ሕጎች

በሕጉ መሠረት ሳይታመም ወይም ሳይጎዳ ተራውን ትቶ የሚወጣ መቺ ያለ ተቃራኒው አምበል ፈቃድ መመለስ አይችልም፣ እንደወጣም ይቆጠራል። ይህ ለዘመናት እንደ ዘዴ አልታየም ነበር። በኤፕሪል 2022 በህንድ ፕሪሚየር ሊግ ራቪቻንድራን አሽዊን ለራጃስታን ሮያልስ በ23 ኳስ 28 ራን ይዞ እያለ በ19ኛው ኦቨር በገዛ ፈቃዱ ወጥቶ በፍጥነት ለሚመታው ሪያን ፓራግ ቦታ ለቀቀ። ቡድኑ በ3 ራን አሸነፈ። ዊኬትን ሆን ብሎ በኳስ መለወጥ ከዚህ በላይ ግልጽ ሆኖ አይታይም። አንዳንዶች ነውር ነው ብለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቡድኖችም ተጠቅመውበታል።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሌላ ለውጥ ተግባራዊ ሆነ። ቀድሞ አንድ መቺ የመታው ኳስ ከመያዙ በፊት ሁለቱ መቺዎች ሮጠው ከተላለፉ ቀጣዩን ኳስ የሚገጥመው ነባሩ ነበር። አሁን ኦቨሩ ካላለቀ በስተቀር አዲስ የገባው ወዲያው ይገጥማል። በመጨረሻዎቹ ኦቨሮች ይህ ለወርዋሪው ጥቅም ሲሆን፣ ለሚመታው ቡድን ደግሞ ከመጀመሪያ ኳሱ መምታት የሚችል ሰው እንዲልክ ያስገድደዋል።

የህንድ ፕሪሚየር ሊግ ከ2023 ጀምሮ በጨዋታ መሐል አንድ ተጫዋች መተካት ፈቅዷል። ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወርዋሪ ምትክ አንድ ተጨማሪ መቺ ያስገቡበታል፤ በተግባር ስምንተኛው ሰው መቺ ሆኗል ማለት ነው። በሊጉ ከዚያ ወዲህ ከ250 በላይ ራን መታየት የተለመደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ሁለገብ ተጫዋቾች ቦታ እያጡ ነው የሚል ቅሬታም ተነሥቷል። በእንግሊዝ ከ2021 ጀምሮ የሚካሄደው ባለ 100 ኳስ ውድድርና በኤምሬትስ በ2017 የተጀመረው ባለ 10 ኦቨር ውድድር ኳሱን ከዚህም በታች አውርደውታል። በ10 ኦቨር ለአንድ ዊኬት የሚደርሰው ስድስት ኳስ ብቻ ነው።